የቤት ተርቢያና አደራ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ሚዛን ተቀሸበ፣ ጉቦ ተበላ፣ አደራ ተካደ እያልን ስናማርር እንውላለን። የምናማርርባቸው ሰዎች ግን ከየቤታችን የወጡ ናቸው። ስለዚህ እኔ ከገበያው በፊት ደጃፋችንን እንመልከት እላለሁ።

ዐብደላህ ኢብኑ ዓሚር ልጅ ሳሉ ያዩትን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ እናታቸው የምትሰጣቸው ነገር እንዳላት ነግራ ትጠራቸዋለች። ነቢዩም ምን ልትሰጪው አስበሽ ነው ብለው ጠየቋት። ቴምር እንደሆነ ብትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር አሏት። (የልጁ አባት ዓሚር ኢብኑ ረቢዓ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሰሐቦች አንዱ ናቸው።) እዚህ ላይ ገንዘቡ የተበላበት ሰው የለም፤ ክስም ምስክርም የለም። ያለው አንድ ሕፃንና ጥቂት ቴምር ነው።

በእኛስ ቤት? ገንዘብ ያበደረ ሰው በር ሲያንኳኳ «አባዬ የለም በለው» ተብሎ የሚላክ ልጅ አለ። ይህ ልጅ መዋሸትን ብቻ አይደለም የሚማረው፤ እንዲዋሽ ያዘዘው እንዲታዘዘው የተነገረው አባቱ ነው። ነገ ሱቅ ሲከፍት ሚዛኑን ማን ያቃናለታል? እርግጥ መድረሳ እንልከዋለን። ኡስታዙ ጋ የሚቆየው ግን ለጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረውን ጊዜ የሚያስቀራው ቤቱ ነው። ልጁ ሲበላሽ ኡስታዙን መውቀስ መቅለሉ ይገርመኛል።

ዐሊይን (ረ.ዐ.) እንይ። አባታቸው አቡ ጧሊብ በችግር ዓመት ቤተሰብ ስለበዛባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወስደው አሳደጓቸው። የመካ ሰዎች ነቢዩን «አል-አሚን» ይሏቸው ስለነበር፣ ዲናቸውን እየተቃወሙ እንኳ ንብረታቸውን በአደራ የሚያስቀምጡት እርሳቸው ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ622 ቁረይሾች ሊገድሏቸው መክረው ወደ መዲና ሲሰደዱ፣ አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልሱ ዐሊይን መካ አስቀሯቸው። ሙሃጂሮች ቤት ንብረታቸውን ጥለው የወጡበት ጊዜ ነውና የጠላትን ዕቃ በካሳ ስም ለማስቀረት ሰበብ አይጠፋም ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበሩት ዐሊይ ግን ሦስት ቀን መካ ቆይተው የሁሉንም መለሱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያ ቤት አደራ ሲገባና ሲወጣ ሲያዩ ኖረዋል።