በሰው ስም የመጣ ሰው

ሌባ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ በሬ ይሰርቃል፥ አንዱ እህል፥ አንዱም ገንዘብ ይሰርቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሰውን ስም የሚሰርቅ ነው። በሬው የተሰረቀበት ሰው በነጋው በረቱን ባዶ አይቶ ይጮኻል፤ ስሙ የተሰረቀበት ሰው ግን ስሙ ከእርሱ ጋራ ያለ ስለሚመስለው ብዙ ጊዜ ሳያውቅ ይቆያል። ሌባውም በዚያ ስም ይበላበታል፥ ይበደርበታል፥ አንዳንድ ጊዜም ሠራዊት ያስከትልበታል። ሠራዊት ማስከተሉ ተረት እንዳይመስል፥ በኢትዮጵያ ታሪክ የተጻፈውን አንድ ነገር ማየት ይገባል።

ንጉሥ ያዕቆብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ልጅ ነበረ። ገና በሕፃንነቱ ነገሠ፤ ኋላም ከዙፋኑ ወረደ፥ እንደ ገናም ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ዘመዱ ሱስንዮስ መንግሥት ለእኔ ይገባል ብሎ ተነሣበት። ሁለቱም በ1599 ዓመተ ምሕረት በመጋቢት ወር በጎጃም ምድር ጎል በተባለ ስፍራ ተዋጉ። ያዕቆብም በጦርነቱ ሞተ፤ ከእርሱ ጋራ የነበሩት ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ሞቱ። መንግሥቱ ለሱስንዮስ ሆነ።

ጥቂት ጊዜ እንዳለፈ በሰሜን በኩል፥ ዛሬ በኤርትራ አገር በሚገኘው በደብረ ቢዘን ገዳም አጠገብ አንድ ሰው ተነሣና ያዕቆብ እኔ ነኝ አለ። ይህ ሰው የፊቱን እኩሌታ በጨርቅ ሸፍኖ ነበር። ምክንያቱም በጎል ጦርነት ጥርሴንና ጉንጬን ክፉኛ ቆስያለሁ የሚል ነበር።

ነገሩን አስተውሎ ለሚያይ ሰው ይህ ጨርቅ የክፋት ብልሃት ነው። ሰውየው የሸፈነው ሐሰቱ የሚገለጥበትን ስፍራ ነው። ደግሞም የሰውን አፍ ዘጋበት፤ የቆሰለውን ሰው «እስቲ ግለጥና እንይህ» ማለት ነውር ይመስላልና። እንዲያውም ቁስሉ ፍቅር ጨመረለት፤ ስለ መንግሥቱ ደሙን ላፈሰሰ ንጉሥ ማን አይራራም? በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አልነበረም፤ ከንጉሡ ከተማ ርቆ የሚኖር ባላገርም የንጉሡን ስም እንጂ መልኩን አያውቅም። ያዕቆብ በሕይወት ቢኖር ብሎ የሚመኝ ሰውም፥ ምኞቱን እውነት ሆነልህ የሚለውን መልእክተኛ ለመመርመር አይቸኩልም።

ስለዚህ ብዙ ሰው ተከተለው። የሱስንዮስ ወንድም ሥዕለ ክርስቶስ በዚያን ጊዜ የትግራይ ገዥ ነበርና ሊወጋው ወጣ። ጭፍሮቹን ባገኘ ጊዜ ሁሉ ድል ያደርጋቸው ነበር፤ ሰውየው ግን ወደ ሐማሴን ተራሮች እያመለጠ እንደ ገና ሰው ይሰበስብ ነበር። ንጉሡም ራሱ አክሱም ላይ ዘውድ ከጫነ በኋላ ቢፈልገው አላገኘውም። በመጨረሻ ሁለት ወንድማማቾች ገደሉት፥ ራሱም ተቆርጦ ለንጉሡ ተላከ። ያለ ጨርቅ ፊቱ ቢታይ የቁስል ምልክት አልተገኘበትም።

ስለዚህ ሰው የሞቱት ሁሉ ለያዕቆብ የሞቱ መስሎአቸው ነበር፤ ያዕቆብ ግን አስቀድሞ በጎል ወድቆ ነበር። እርሱም ከመቃብር ተነሥቶ «ይህ ሰው እኔ አይደለሁም» ሊል አልቻለም። ከዚያም በኋላ ያዕቆብ ነን የሚሉ ሌሎች ተነሡ። ከ25 ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ጸጋ ክርስቶስ የሚባል ወጣት የያዕቆብ ልጅ ነኝ እያለ በኢየሩሳሌም በኩል ወደ ሮም ሄደ፤ እንደ ልዑልም ተቀበሉት። ኋላም ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻግሮ በፓሪስ አጠገብ ሩዬይ በተባለ ስፍራ በ1630 ዓመተ ምሕረት ሞተ። ዕድሜውን የቈጠሩ የታሪክ ሊቃውንት ግን ያዕቆብ ከሞተ ከዓመታት በኋላ የተወለደ ነው ይላሉ።

ዛሬ ሰው በቀላሉ ሊሸፍነው የማይችል ምልክት ተፈልጎለታል። በኢትዮጵያ በ2015 ዓመተ ምሕረት የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጣ፤ ፋይዳ የተባለውን መታወቂያ የሚያወጣ ሰው የአሥሩን ጣቶቹን አሻራ፥ የዓይኑን ብሌንና የፊቱን ምስል ይሰጣል፥ ባለ 12 አኃዝ ቍጥርም ይቀበላል። ይህ በባንክ መስኮት ፊት ለቆመ ሰው ታላቅ ጥበቃ ነው። ነገር ግን በማታ በእጅ ስልክ የሚመጣ መልእክት የጣት አሻራ የለውም።

በአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል ባለው በብስራተ ገብርኤል ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው አለ እንበል። ሰውየው የእድር ገንዘብ ያዥ ነው፤ ሰፈርተኛውም ያምነዋል። አንድ የማያውቀው ሰው ፎቶግራፉንና ስሙን ከቴሌግራም ወስዶ በሌላ ቍጥር ላይ ያደርገዋል፤ ከዚያም ለወዳጆቹ ሁሉ «ልጄ በድንገት ታሞብኝ ሆስፒታል ነኝ፤ 5,000 ብር በዚህ ቍጥር ላኩልኝ። ስልኬ ድምፅ አይሰማምና አትደውሉ» ብሎ ይጽፋል። አትደውሉ ያለው ቃል፥ በደብረ ቢዘን አጠገብ የታየው ጨርቅ ነው። የልጅ ሕመምም እንደዚያ እንደ ጉንጭ ቁስል ነው፤ ሰው አዝኖ ሳለ ጥያቄ መጠየቅ ያሳፍረዋል።

አንድ ባለ ሱቅ ግን፥ አዘነም ቢሆን፥ «ባለፈው እሑድ እድሩ የተሰበሰበው በማን ቤት ነበር?» ብሎ ይጽፍለታል። መልስ አይመጣም። ባለ ሱቁም በዱሮው ቍጥር ደውሎ የሰውየውን ድምፅ ይሰማል፤ ልጁም ከአጠገቡ ተቀምጦ ትምህርቱን ያነባል። አንዲት ባልቴት ጎረቤት ግን አስቀድመው፥ ለቤት ኪራይ ያኖሩትን ገንዘብ ልከዋል።

ሰውየው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያመለክታል። ከዚያም ሕያው ነውና፥ ያዕቆብ ሊያደርገው ያልቻለውን ያደርጋል፤ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ «የጻፍሁላችሁ እኔ አይደለሁም» ይላል። አንዳንዱ ወዲያው ያምነዋል፤ አንዳንዱም አምኜሃለሁ እያለ ዓይኑን ወደ ምድር ይጥላል። እርሱም ያልወሰደውን ገንዘብ እንደ ወሰደ ሰው ያፍራል። በመጨረሻ ወደ ባልቴቲቱ ደጅ ደርሶ ያንኳኳል። እርሳቸውም «ማነህ?» ይላሉ። ስሙን ይነግራቸዋል። ባልቴቲቱም በበሩ ስንጥቅ በኩል ፊቱን አተኵረው ካዩ በኋላ፥ «ግባ፥ ልጄ» ብለው መቀርቀሪያውን ያነሣሉ።