ማስታወቂያው፣ ባሕሩና አንድ ሜትር ተኩል ውሃ

ከተማሪዎቻችን አንዱ ከትንሣኤ ዕረፍት ሲመለስ የተበላሸ ሞባይል ስልክ ይዞልን መጣ። ላንጋኖ ሐይቅ ውስጥ ይዞት ዋኝቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶበት፣ ማታውኑ ሳያደርቀው ቻርጅ ሲያደርገው አድሯል፤ ጧት ስልኩ አልነሣ አለ። «ማስታወቂያው ላይ ባሕር ውስጥ ሲዋኙበት አይቻለሁ» ሲል ተከራከረን። የቻርጀሩን መሰኪያ በማጉያ መነጽር ስንመለከተው ከጥቃቅኖቹ የብረት ንክኪዎች አንዱ በአረንጓዴ ዝገት ተበልቷል። ይህችን አረንጓዴ ነጥብ መነሻ አድርገን ነገሩን ከፊዚክስ አንጻር እንመርምረው።

የተማሪያችን ክርክር በፍርድ ቤትም ተነሥቶ ያውቃል። የደቡብ ኮሪያው ሳምሰንግ ጋላክሲ የተባሉትን ስልኮቹን በአውስትራሊያ ሲያስተዋውቅ የመረጠው ሥዕል የመዋኛ ገንዳና የባሕር ዳርቻ ነበር። ምርጫው የሚያስገርም አይደለም፤ ከአውስትራሊያ ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው በባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ነውና እንዲህ ያለውን ሥዕል ያየ ገዢ የራሱን የእረፍት ቀን ማየቱ ነው። ይሁን እንጂ የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያውን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 የወጡ ዘጠኝ ማስታወቂያዎች ገዢውን የሚያሳስቱ እንደነበሩ ኩባንያው ራሱ ካመነ በኋላ፣ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍል ወሰነ።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስልኮቹ ውሃ የመቋቋም ችሎታቸው የተፈተነ መሆኑ ነው። በስልኮቹ ላይ የተሰጠው መለያ «አይፒ 68» ይባላል። ስድስቱ አቧራ ፈጽሞ እንደማይገባ፣ ስምንቱ ደግሞ አምራቹ በገለጸው ጥልቀትና ጊዜ ውሃ ውስጥ ቢቆይ እንደማይጎዳ ያመለክታሉ። በእነዚህ ስልኮች ረገድ የተገለጸው 1.5 ሜትር ጥልቀት፣ 30 ደቂቃና ጨው የሌለው ውሃ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ እውነት ነው። ሥዕሉ ግን የሚያሳየው ሌላ ሙከራ ነው፤ ያውም ማንም ያልሠራውን።

በመጀመሪያ ግፊቱን እናስላ። በ1.5 ሜትር ጥልቀት ያለ ውሃ በስልኩ ላይ የሚያሳድረው ተጨማሪ ግፊት የውሃው እፍግታ፣ የስበት ፍጥንጥነትና የጥልቀቱ ብዜት ነው፤ ይኸውም 1000 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ1.5፣ ማለትም 14,700 ፓስካል ይሆናል። ይህ ውሃው ጸጥ ብሎ ሲቆም ነው። ዋናተኛ ግን ጸጥ ብሎ አይቆምም። ከ3 ሜትር ከፍታ ላይ ስልኩን በእጁ ይዞ ወደ ውሃ የሚዘል ሰው የውሃውን ገጽ የሚመታው በሰከንድ 7.7 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። በእንቅስቃሴ ምክንያት የሚፈጠረው ግፊት የእፍግታው ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው በመሆኑ ለቅጽበት እስከ 29,400 ፓስካል ሊደርስ ይችላል። ይህ ገና ከውሃው ገጽ ሳይወርድ ስልኩ ከተፈተነበት ግፊት እጥፍ መሆኑ ነው። አንባቢ ሁለቱን ቀመሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ለ3 ሜትር ዝላይ የሚገኘው ቁጥር ከ3 ሜትር የውሃ ጥልቀት ግፊት ጋር አንድ የሆነበትን ምክንያት ያገኘዋል።

ድምፅ ማጉያውና ማይክሮፎኑ ክፍት ቀዳዳ ሳላቸው ውሃ የማይገባው ለምንድን ነው? እነዚህ ቀዳዳዎች አየር በሚያሳልፍ፣ ውሃን ግን በሚገፋ ስስ ሽፋን የተጋረዱ ናቸው፤ ውሃው እንዳያልፍ የሚያግደው የራሱ የገጽ ውጥረት ነው። ሬዲየሱ 10 ማይክሮ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ እንውሰድ። የንጹሕ ውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 0.072 ኒውተን ስለሆነ፣ ቀዳዳው ሊቋቋመው የሚችለው ከፍተኛ ግፊት የዚህ ቁጥር እጥፍ ለሬዲየሱ ሲካፈል፣ 14,400 ፓስካል ያህል ነው። ውሃው ውስጥ ሳሙና ሲጨመር የገጽ ውጥረቱ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የቀዳዳው መከላከያም በዚያው መጠን ይወርዳል። በላስቲክና በማጣበቂያ የተያዙት መገጣጠሚያዎችም ስልኩ በወደቀና በሞቀ ቁጥር እየላሉ ይሄዳሉ።

ከሁሉ የባሰው ግን ጨው ነው። የባሕር ውሃ በኪሎ ግራም ወደ 35 ግራም የሚጠጋ የሟሟ ጨው ይዟል፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከተለመደው የቧንቧ ውሃ ወደ መቶ እጥፍ ይደርሳል። የቻርጀሩ መሰኪያ ሁልጊዜ ለውሃ የተጋለጠ ነው፤ እንዲህ ባለ ውሃ እንደራሰ 5 ቮልት ቢሰጠው፣ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመበተን በመርህ ደረጃ 1.23 ቮልት የሚበቃ መሆኑን ለሚያውቅ ተማሪ የሚከተለው ግልጽ ነው። መሰኪያው የኤሌክትሮሊስስ ዕቃ ይሆናል፤ ከአወንታዊው ንክኪ ላይ መዳብ አዮን እየሆነ ይሟሟል፤ ክሎራይድም ያፋጥነዋል። ተማሪያችን ሌሊቱን ሙሉ ያካሄደው ሙከራ ይኸው ነበር። ላንጋኖ ባሕር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ውሃው የሟሟ ማዕድን የበዛበት ነው። ኮሚሽኑም በአውስትራሊያው ክስ ላይ ያነሣው ይህንኑ፣ እርጥብ ስልክ ቻርጅ ሲደረግ የሚደርሰውን የመሰኪያ ዝገት ነበር።

ነገሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን በአፕል ላይ የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ሲጥል፣ የአይፎን ማስታወቂያዎች ስለ ውሃ መቋቋም የሚሉት ነገር እውነት የሚሆነው በቤተ ሙከራ፣ በረጋና በንጹሕ ውሃ ብቻ መሆኑን ለገዢው በግልጽ አለማሳወቃቸውን ጠቅሷል። ዳኞቹ «የሙከራው ሁኔታ ተጽፏል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው ነው፤ እኛም የተማሪዎችን የቤተ ሙከራ ሪፖርት ስናርም ዘወትር የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ስልኩ ጨዋማ ወይም ሳሙና ያለበት ውሃ ከነካው በንጹሕ ውሃ ቀስ ብሎ ማለቅለቅ፣ መሰኪያውን ወደ ታች አዙሮ ማራገፍ፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስም ቻርጀር አለማስጠጋት ይገባል። የተማሪያችንን ስልክ መርካቶ ያለ አንድ ጠጋኝ መሰኪያውን ቀይሮለት አሁን ይሠራል። ሲከፈት ግን የዙሪያው ማጣበቂያ ተላቅቋልና «አይፒ 68» የሚለው መለያ የቀረው ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው።