ሽታው ምን ይነግረናል?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ት/ቤት ስንጓዝ ሚኒባሷ ውስጥ ስኳር ሲቀልጥ የሚሸተውን የመሰለ ጣፋጭ ሽታ መጣብን። ከረሜላ የደበቀ አለ ብለን ቦርሳ ለቦርሳ ተፈታተሽን! ሾፌሩ ግን የፊት መስተዋቱ ከውስጥ ቅባት ያለው ጉም ሲለብስ አየና ጥግ ይዞ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በራዲያተር የሚዞረው ማቀዝቀዣ ውኃ ብቻ አይደለም፤ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል ይቀላቀልበታል። ሽታው የእሱ ነው። ጋቢና ውስጥ ሲሸት፣ መስተዋት ሲደበዝዝና የእግር ምንጣፍ ሲረጥብ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው የማሞቂያ ራዲያተር አፍስሳለች ማለት ነው። የኛም ይኸው ነበር። ከኮፈኑ በኩል ከሆነ ጎማ ቱቦውን፣ ዋናውን ራዲያተርና የውኃ ፓምፑን ማየት ነው። በማርሚታ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ከወጣ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይበላሽ አይቀርም፤ ይኼኛው ወጪው ይከብዳል። ደግሞ ንጹሕ ውኃ ብቻ የተሞላ መኪና ቢያፈስም እንዲህ አይሸትም። ስለዚህ የሙቀት መለኪያውንም ማየት ነው እንጂ አፍንጫ ብቻውን አይበቃም።

አንዱ ጓደኛችን የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ሾፌሩ ክንዱን ቀጨም አደረገው። ለምን? ፊዚክሳችንን እናስታውስ፦ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ክዳኑ ግፊት ይዞ ቶሎ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ሲከፈት ግፊቱ ባንዴ ይወርድና የጋለው ፈሳሽ ፊት ላይ ይገነፍላል። ለተማሪዎቻችን ይህችን ምሳሌ ይዘናል።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ምንጣፉን የጠረግንበትን ጨርቅም መንገድ ዳር አልጣልነውም። ፈሳሹ መርዝ ነው፤ ስለሚጣፍጥ ውሻም ሕፃንም ሊልሰው ይችላል።