በበጎ አድራጎት የሚተዳደሩ የሕፃናት ማቆያዎች አመራርና ቁጥጥር በወረርሽኝ ወቅት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወስኗል። ወልድያና መርሳ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች በመሆናቸው ተጓዥ አይለያቸውም። በመርሳ ገበያ ፍራፍሬ ሸጣ የምታድር እናት ማቆያ ሲዘጋባት ልጇን ለአያት ትታ ትወጣለች። ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ባይጠናባቸውም ለአረጋውያን ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ስለዚህ በጤና አካላት ፈቃድ ክፍት የሆነ ማቆያ ጥብቅ አመራር ያስፈልገዋል።

የሥራ አስኪያጁ ዕለታዊ ተግባራት

1. ሕፃናትን በር ላይ መቀበል፤ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበትን ሕፃን ከቤተሰቡ ጋር ወደ ጤና ተቋም መላክ።

2. ሕፃናትን በትናንሽ ቡድኖች መክፈልና ለእያንዳንዱ ቡድን ቋሚ ሞግዚት መመደብ። አንድ ሰው ቢታመም ንክኪ ያላቸውን ለመለየት ይህ አሠራር ይረዳል።

3. ሕፃናት ሲገቡ፣ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጃቸውን በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ እንዲታጠቡ ማድረግ።

4. ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ጭምብል አለማድረግ፤ ሊያፍናቸው ይችላል።

5. ቀድሞ በሳሙና የታጠበን ወለልና ጠረጴዛ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በዕለቱ በመበጥበጥ ማጽዳት። በረኪናውንና የእጅ ማጽጃ አልኮሉን ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ መቆለፍ።

የቦርዱ ኃላፊነት

የቦርድ አባላት ቁጥጥር የእጅ መታጠቢያ ባልዲዎችን በመቁጠር ብቻ አይወሰንም። ሌሊቱን ሲያስላት ያደረች ሞግዚት ከሥራ በመቅረቷ የቀን ደመወዟ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ሕመሟን ደብቃ ሕፃናቱን ታቅፋለች። ያን ጊዜ በር ላይ የሚደረገው ምርመራም ሆነ የቡድን አከፋፈሉ ትርጉም ያጣል። ስለሆነም ቦርዱ የሕመም ፈቃድ ደመወዝንና የተተኪ ሞግዚት ክፍያን በበጀቱ አስቀድሞ መያዝ፣ ውሳኔውንም ለሠራተኞች በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዋል። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ፣ የሚቀበላቸውን ሕፃናት ቁጥር መቀነስ የታመመች ሞግዚትን ከማሠራት ይሻላል።

ቦርዱ በየሳምንቱ የቀሪዎችን መዝገብ ይመርምር፤ የብዙ ሕፃናት በአንድ ጊዜ መቅረት የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። በሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች የሚገኙ ማቆያዎች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በቅርበት ይሥሩ። በሽታው ሲጠረጠር በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል።