ክብደትን ቀንሶ ጠብቆ ስለ መኖር



ረሀብ ደጋግሞ በጎበኘው ሕዝብ ዘንድ ውፍረት የድሎትና የጤንነት ምልክት ሆኖ መታየቱ አያስደንቅም። ለብዙ ጊዜ ያላየነውን ወዳጅ «ወፈርህ፤ አማረብህ» ብለን እናመሰግነዋለን፤ የከሳውን ግን «ምን ነካህ?» ብለን በስጋት እንጠይቀዋለን። ይሁን እንጂ ዛሬ በከተሞቻችንም ሆነ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ከመጠን ባለፈ ውፍረት የሚቸገሩ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በስኳር በሽታና በደም ግፊት ምክንያት መድኃኒት ከእጃቸው የማይለይ ምእመናን በየቁምስናው አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ክብደታቸውን ለመቀነስ ሞክረው፣ ከቀነሱም በኋላ መልሰው ጨምረው ተስፋ የቆረጡ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት ብዙ ክብደት ቀንሶ ጠብቆ መኖር ይቻላልን? የቀነሰው ክብደት ተመልሶ የሚመጣውስ ለምንድን ነው? የተሳካላቸው ሰዎች ምን ያደርጋሉ? የሚሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚባለው የቱ ነው?

ረጅሙና አጭሩ ሰው እኩል ሊመዝኑ ስለማይጠበቅ ሐኪሞች ክብደትን ከቁመት ጋር ያነጻጽራሉ። ስሌቱን በ19ኛው መቶ ዘመን ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጅጋዊ ሊቅ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ይባዛል፤ ከዚያም በኪሎ የተመዘነው ክብደት ለተገኘው ቁጥር ይካፈላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 90 ኪሎ የሆነ ሰው ውጤቱ 33 ያህል ይሆናል። በዓለም የጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት ከ25 ጀምሮ ያለው ከሚገባው ያለፈ ክብደት ሲሆን፣ ከ30 ጀምሮ ያለው ደግሞ የጤና ጉዳት የሚያስከትል ውፍረት ተብሎ ይቆጠራል። ይህ ቁጥር ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በሆድ ውስጥ የሚከማች ስብ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ ስለሚያጋልጥ የወገብን ዙሪያ መለካትም ይጠቅማል።

2. ጥቂት መቀነስ እንኳ ምን ይጠቅማል?

ብዙ ኪሎ መቀነስ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የመንገዱን ርዝመት አይቶ ይደክመዋል። ነገር ግን ጥቅሙ የሚጀምረው ከመንገዱ መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመ ታላቅ ጥናት፣ በአሜሪካ በ27 የሕክምና ማዕከላት የስኳር በሽታ ሊይዛቸው የተቃረቡ 3,234 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው ነበር። ለአንደኛው ቡድን መድኃኒትነት የሌለው ክኒን፣ ለሁለተኛው ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት ተሰጠ። ሦስተኛው ቡድን ግን አመጋገቡን እያስተካከለ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እየተራመደ ወይም ይህን የመሰለ እንቅስቃሴ እያደረገ፣ ከክብደቱ ከመቶ 7 እጅ እንዲቀንስ ተመከረ። ሦስት ዓመት ያህል ከታዩ በኋላ፣ መድኃኒቱ በስኳር በሽታ የመያዝን ዕድል በ31 ከመቶ ሲቀንስ የአኗኗር ለውጡ በ58 ከመቶ ቀነሰ። ከመቶ 7 እጅ ማለት 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከስድስት ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው።

ብዙ መቀነስ ደግሞ የበለጠ ፍሬ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመ በብሪታንያ በተደረገ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከያዛቸው ስድስት ዓመት ካልሞላቸውና 15 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሱ 36 ሰዎች መካከል፣ 31ዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የስኳር መድኃኒት ሳይወስዱ የደማቸው ስኳር ከበሽታው መጠን በታች ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም ክብደቱ ሲመለስ በሽታውም ሊመለስ ስለሚችል፣ ዋናው ጉዳይ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን ጠብቆ መኖሩ ነው።

3. የቀነሰው ክብደት ለምን ይመለሳል?

ብዙ ጊዜ ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው «ሆዱን የማይችል፣ ቁርጠኝነት የጎደለው» ብለን እንፈርድበታለን። ይህ ፍርድ ግን የሰውነትን አሠራር ካለማወቅ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ጄፍሪ ፍሪድማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። ይህ ንጥረ ነገር ከሰውነት ስብ እየመነጨ ምን ያህል ስንቅ እንደ ተጠራቀመ ለአንጎል ይነግራል። ሰው ሲከሳ ሌፕቲኑ ይቀንሳል፤ አንጎልም ረሀብ እንደ መጣ ቆጥሮ የምግብ ፍላጎትን ያነሣሣል። ሰውነት ለድርቅ ዘመን የተዘጋጀ ጎተራ ጠባቂ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ጎተራው ሲጎድል ወጪውን ይቆጥባል፤ ገቢውንም አጥብቆ ይጠይቃል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን «ዘ ቢገስት ሉዘር» በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎች ጉዳይ ነው። እነዚህ ሰዎች በ30 ሳምንት ውስጥ በከባድ የአካል እንቅስቃሴና በጥብቅ የምግብ ቅነሳ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ በአማካይ 41 ኪሎ መልሰው ጨምረው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ጥናት፣ ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ በቀን የሚያቃጥለው ጉልበት ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሆኖ ታየ።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች እናገኛለን። አንደኛ፣ ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው መንቀፍ አይገባም። ሁለተኛ፣ ለሦስት ወር ብቻ ሊታገሡት የሚቻል ከባድ ሥርዓት ለዕድሜ ልክ መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ ሰውየው ወደ ቀድሞ ልማዱ በተመለሰ ቀን ሰውነቱ አድፍጦ ይጠብቀዋልና።

4. የተሳካላቸው ሰዎች ምን ያደርጋሉ?

እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ሬና ዊንግና ጄምስ ሂል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ለማየት ተነሡ። «ሰዎች ለምን ይሸነፋሉ?» ማለትን ትተው «ያሸነፉት እንዴት አሸነፉ?» ብለው ጠየቁ። ብሔራዊ የክብደት ቁጥጥር መዝገብ የተባለውንም አቋቋሙ። በመዝገቡ ለመግባት ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሶ ከአንድ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ጠብቆ መኖር ያስፈልጋል። ከጊዜ በኋላ የተመዘገቡት ከ10,000 በላይ ሆኑ፤ በአማካይም 30 ኪሎ ያህል ቀንሰው ከአምስት ዓመት በላይ ጠብቀው የቆዩ ናቸው።

የቀነሱበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። እኩሌታ ያህሉ በራሳቸው ጥረት፣ ሌሎቹ በባለሙያ ወይም በማኅበር ርዳታ ቀንሰዋል። አብዛኞቹም ከዚያ በፊት ሞክረው ያልተሳካላቸው ነበሩ። በአጠባበቁ ግን እጅግ ይመሳሰላሉ፦

ሀ) ከመቶ 98ቱ አመጋገባቸውን በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ለውጠዋል፤

ለ) ከመቶ 90ው በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚበዙትም የመረጡት በእግር መራመድን ነው፤

ሐ) ከመቶ 78ቱ ቁርስ ሳይበሉ አይውሉም፤

መ) ከመቶ 75ቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፤

ሠ) ከመቶ 62ቱ በሳምንት ቴሌቪዥን የሚያዩት ከ10 ሰዓት በታች ነው።

እነዚህ ሰዎች በፈቃዳቸው የተመዘገቡና ስለ ራሳቸው የተናገሩ ስለሆኑ፣ ይህን ያደረገ ሁሉ ይሳካለታል ማለት አንችልም። ሆኖም ከዝርዝሩ አንድ ነገር በግልጽ ይታያል፤ ከተዘረዘሩት መካከል ብልሃት የሚጠይቅ ወይም ውድ ዋጋ ያለው ነገር የለም። ሁሉም በየዕለቱ የሚደጋገሙ ትንንሽ ልማዶች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ሌላም የሚያጽናና ነገር አስተውለዋል፤ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ጠብቆ የቆየ ሰው ከዚያ በኋላ የመጽናት ዕድሉ በብዙ ይጨምራል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል እዚህ ላይ ተገቢ ቦታውን ያገኛል።

5. በቤታችንና በማዕዳችን

ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ጤፍ በራሳቸው መልካም ምግቦች ናቸው። ክብደት የሚጨምሩት ብዙ ጊዜ ሳናስተውል የምናክላቸው ነገሮች ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ በወጡ ላይ ሦስት ማንኪያ የሚጨምር እጅ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። በሻይና በቡና የምናደርገው ስኳር፣ ቢራውና ጠላው በዚህ ላይ ይታከላል። ስለዚህ የሚጀምር ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ከመለወጥ ይልቅ አንዱን መርጦ ይያዝ፤ ለምሳሌ ለስላሳውን በውኃ ይለውጥ፤ ይህም ልማድ ሲሆንለት ሁለተኛውን ይጨምር። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድም ገንዘብ የማይጠይቅ ስፖርት ነው።

ጾምን በተመለከተም አንድ ነገር ማለት ይገባናል። ጾም ለክብደት መቀነሻ የተሠራ አይደለም፤ ዓላማው ሌላ ነውና። ነገር ግን ራስን የመግዛትን ልምምድ የሚያስተምር ስለሆነ፣ የጾመ ሰው የሚሻውን ሁሉ ወዲያው አለመብላት እንደሚቻል ያውቃል። በአንጻሩ ቀኑን ውሎ ማታ በዘይት የተጥለቀለቀ ምግብ ያለ ልክ የሚበላ፣ በፋሲካም ማግሥት የሁለት ወሩን በሦስት ቀን የሚያካክስ ሰው ጤናውን እንደሚጎዳ ማሰብ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእንግዳ ተቀባይነታችን ጉዳይ ነው። «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» እየተባለ የሚሰጥ ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን አንክድም። ሆኖም አንዲት እናት ሐኪም መክሯቸው ምግብ ሲቀንሱ ጎረቤት «ንቀውን ነው» ብሎ ከተቀየማቸው፣ ያ ፍቅር ወደ ሸክም ተለወጠ ማለት ነው። የሚታገል ሰው ብቻውን ሲሆን ይደክማል፤ ቤተሰቡና ጎረቤቱ አብረውት ሲሆኑ ግን ይበረታል። በአንድ ቤት ለአንዱ ብቻ የተለየ ምግብ ከመሥራት ይልቅ የቤቱን ማዕድ በሙሉ ማስተካከል ለልጆቹም ይበጃል።

6. ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አመጋገባቸውን በብዙ ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ሊያማክሩ ይገባል፤ የመድኃኒቱ መጠን ካልተስተካከለ አደጋ አለውና። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም እንዲሁ። ሳይፈልግ በድንገት የሚከሳ ሰው ደግሞ ሊደሰት አይገባውም፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

በቅርብ ዓመታት የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ወጥተዋል፤ ሆድን የማሳነስ ቀዶ ሕክምናም አለ። ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ጠቃሚዎች ናቸው፤ እነርሱን መጠቀምም እንደ ሽንፈት ሊቆጠር አይገባም። ነገር ግን ሴማግሉታይድ የተባለውን መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ያህል መልሰው እንደ ጨመሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስለሆነም መድኃኒቱ ቢኖርም የአኗኗር ለውጡ አይቀርም። በየገበያው «በአንድ ወር 20 ኪሎ» እያሉ የሚሸጡትን ሻዮችና ዱቄቶች ግን ከመግዛት መቆጠብ ይሻላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ብዙ ክብደት ቀንሶ ጠብቆ መኖር እንደሚቻል፣ ቀላል ግን እንዳልሆነ አይተናል። መቀነስ የወራት ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ለውጥ ከመጀመሩ በፊት ራሱን «ይህን ከአሥር ዓመት በኋላም እያደረግሁት ልኖር እችላለሁን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አልችልም» ከሆነ ቀለል ያለውን ይምረጥ። ወድቆ የተነሣውንም ሰው፣ እንደ ገና የሚጀምረውንም ሰው በፌዝ ሳይሆን በማበረታታት እንቀበለው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1) በአካባቢያችን ስለ ወፈረና ስለ ከሳ ሰው የምንናገራቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው? ማንንስ ሊጎዱ ይችላሉ?

2) በቤታችን ማዕድ ላይ ሳንቸገር ልንለውጠው የምንችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?

3) በማኅበርና በድግስ ጊዜ፣ በሐኪም ምክር ምግብ የሚቀንስን ሰው ሳናሳፍር እንዴት ልናስተናግደው እንችላለን?

4) ከጎረቤቶቻችን ጋር በሳምንት ሦስት ቀን አብረን የምንራመድበትን ሰዓት ልንወስን እንችላለንን?