ከዋጋ በታች የተገባ መድን፦ የሸማ ተራ ነጋዴ ንብረቱን በስንት ብር ያስመዝግብ?

መግቢያ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው የእሳት አደጋ በርካታ ሱቆችን ከነሸቀጣቸው አውድሟል። ከእንዲህ ዓይነት አደጋ በኋላ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «መድን ነበራቸው ወይ?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፦ መድን የገባ ነጋዴስ ንብረቱን በትክክለኛ ዋጋው አስመዝግቧል ወይ?

የሕጉ መሠረትና የካሣው ስሌት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በቁጥር 678 የንብረት መድን የካሣ ውል መሆኑን ይደነግጋል። ካሣውም አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ከዋጋ በላይ ማስመዝገብ ዐረቦንን ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም።

ከዋጋ በታች ማስመዝገብ ደግሞ የባሰ ጉዳት አለው። በእሳት መድን ውሎች በተለመደው የተመጣጣኝነት ደንብ መሠረት፣ መድን ያልተገባለትን ድርሻ ኪሳራ ነጋዴው ራሱ ይሸከማል። ለምሳሌ፣ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሸቀጥ ያለው ነጋዴ በ800 ሺህ ብር መድን ገብቶ የ1 ሚሊዮን ብር ሸቀጥ ቢቃጠልበት፣ የሚያገኘው 800 ሺህ ብር አይደለም። ያስመዘገበው ከእውነተኛው ዋጋ 40 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ካሣውም የጉዳቱ 40 በመቶ፣ ማለትም 400 ሺህ ብር ይሆናል።

የክፍተቱ ምንጮች

አንደኛው ምንጭ የዋጋ ንረት ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በተፈረመ ውል ላይ የሰፈረ የብር መጠን ከውጭ የሚገባ ክርና ጨርቅ ለመተካት አይበቃም።

ሁለተኛው የወቅት ለውጥ ነው። የሸማ ሱቅ ክምችት በእንቁጣጣሽ፣ በጥምቀትና በፋሲካ ዋዜማ ይበዛል፤ በበጋው አጋማሽ በተመዘገበ ግምት ግን የበዓል ዋዜማው ሸቀጥ አይሸፈንም።

ሦስተኛው የግምት አስቸጋሪነት ነው። በእጅ የተሠራ ጥበብ ዋጋው በጥለቱና በሸማኔው እጅ ስለሚወሰን የፋብሪካ ተመን የለውም። በዚህ ረገድ ምርቱ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ያበቃውን አሮጌውን ቮልስዋገን ይመስላል። በደንብ የተያዘ ቮልስ በዕድሜው ብቻ ተቀናንሶ ቢገመት ባለቤቱ ይጎዳል። ስለዚህ በሌሎች አገሮች የቆዩ መኪኖች ዋጋ በባለሙያ ተገምቶ፣ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተውበት በውሉ ላይ ይሰፍራል። ውድ ለሆኑ ጥበቦችም ይኸው አሠራር ቢለመድ ከአደጋ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ነጋዴው ሦስት ነገሮችን ቢያደርግ ይጠቀማል። የመድኑን መጠን ክምችቱ ከፍተኛ በሚሆንበት ወቅት ልክ ይወስን፤ ውሉ እስኪታደስ ሳይጠብቅ የዋጋ ለውጥን ለመድን ሰጪው ያሳውቅ፤ የግዢ ደረሰኝና የክምችት መዝገብ ቅጂም ከሱቁ ውጭ ያስቀምጥ። መድን ሰጪዎችም በበኩላቸው የተመጣጣኝነትን ደንብ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በቁጥር ምሳሌ ማስረዳት ይገባቸዋል። ነጋዴው ይህን ደንብ የሚያውቀው ሱቁ ከተቃጠለ በኋላ ከሆነ፣ ዕውቀቱ የሚያተርፍለት ነገር አይኖርም።