የእድር ንዋይ አያያዝ በኢተያ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በኢተያ፣ ኑሮው በስንዴና በገብስ ላይ የተመሠረተው ሕዝብ ለኀዘን ቀን መጠጊያ ያደረገው እድሩን ነውና፣ የእድሩ ንዋይ በወር ሳይሆን በዓመታት ስፋት ሊታሰብ ይገባዋል።

አስቀድሞ ጸሐፊው ያለፉትን የአምስት ዓመታት መዝገብ ገልጦ፣ በየዓመቱ ስንት ቤት ኀዘን እንደገባና ምን ያህል እንደተከፈለ ይልቀም። ለምሳሌ ያህል 120 አባላት በየወሩ 50 ብር ቢያዋጡ በዓመት 72,000 ብር ይገባል፤ በአማካይ አራት ኀዘን ደርሶ ለእያንዳንዱ 10,000 ቢሰጥ 32,000 ብር ይተርፋል። ይህ ግን የመጪው ክፉ ዓመት ድርሻ እንጂ ትርፍ አይደለም። ከዚሁ ላይ 12,000 ብር ለድንኳን፣ ለወንበርና ለብረት ድስት መተኪያ ተለይቶ ይቀመጥ። ዘጠኝ ኀዘን የሚደርስበት ዓመት ቢመጣ፣ መተኪያው ሳይነካ 30,000 ብር ይጎድላል፤ እንዲህ ያለው ዓመት ሁለት ጊዜ ቢከታተል ጉድለቱ 60,000 ይሆናልና፣ የቀረው 20,000 ብር በየዓመቱ በመጠባበቂያነት ቢጠራቀም በሦስት ዓመት ይህን ይሞላል።

ቀጥሎም ገንዘቡ በሳጥን አይደር። መስከረም 2013 መንግሥት የብር ኖቶችን በለወጠ ጊዜ ለመቀየሪያ የተፈቀደው ሦስት ወር ብቻ እንደነበረ ይታወሳል። በእድሩ ስም በባንክ ይቀመጥ፣ በሰብሳቢው፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ የጋራ ፊርማም ይንቀሳቀስ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድነት የሚኖሩበት እድር ከሆነ፣ ከወለድ ነፃ የሆነውን ሒሳብ መምረጥ የሁሉንም ኅሊና ያሳርፋል። ነገር ግን ሞት የባንክ ሰዓት አይጠብቅምና፣ ለአንድ ቀብር የሚበቃ ብር በገንዘብ ያዡ እጅ ይኑር።

አሰባሰቡም ከመከሩ ጋር ይስማማ። ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ የሚያገኘው ስንዴው ታጭዶ ከተሸጠ በኋላ ነውና፣ የዓመቱን መዋጮ በጥር በአንድ ጊዜ ይክፈል፤ ደመወዝተኛውና ነጋዴው በየወሩ። ክረምት ላይ ከገበሬው የዘገየ መዋጮ ቅጣት መሰብሰብ ግፍ ይመስለኛል።

በመጨረሻም፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ እየተወሰነ የብር አቅም ስለ ቀነሰ፣ በየዓመቱ የድንኳንና የቀብር ወጪ ዋጋ ተጠይቆ ከላይ የታየው ስሌት በአባላቱ ጉባኤ ይታደስ። ክፍያው ብቻውን ከፍ አይበል፤ መዋጮውም በዚያው ጉባኤ አብሮ ይጨመር፣ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ለአባላቱ ሁሉ ይነበብ።